ወደ መንፈሳዊ ማኅበር የመግባት ጥሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት ጥያቄዎች ወደ ገዳም፣ ወይም በጋራ ጸሎትና በጋራ ሕግ ወደሚኖር ሌላ መንፈሳዊ ማኅበር ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ለአንድ ሃይማኖት ተከታይ ብቻ አልተጻፉም፤ ምሳሌዎቹም ከተለያየ ወገን የመጡ ናቸው። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተቀምጠዋል። አቋሜን ከወዲሁ ላሳውቅ፦ ስሜት የቱንም ያህል ቢበረታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥሪን የሚያጣሩት ጊዜና የሌላ ሰው ዓይን ናቸው። ስለዚህ ከሚያቻኩልዎት ማኅበር ይልቅ በር ላይ የሚያዘገይዎትን ይመኑ።

የሚሰማኝ ነገር ጥሪ ይሁን አላፊ ስሜት በምን ለይቼ አውቃለሁ?

በአንድ ሌሊት ማንም አያውቀውም። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ የተባለው ስፔናዊ ወታደር በ1521 በፓምፕሎና ውጊያ እግሩን በመድፍ ተመትቶ ለወራት አልጋ ላይ ዋለ። የፈረሰኞችን ጀብዱ የሚተርክ መጽሐፍ እንዲያመጡለት ቢጠይቅ በቤቱ የተገኘው የክርስቶስና የቅዱሳን ታሪክ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀኑን በሁለት ዓይነት ሐሳብ ያሳልፍ ጀመር። አንዳንዴ ስለ አንዲት የተከበረች እመቤትና ለእርሷ ሲል ስለሚፈጽመው ጀግንነት ለሰዓታት ያልማል፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ቅዱሳኑ በባዶ እግሩ ኢየሩሳሌም ስለ መሄድ ያስባል። ሁለቱም በሚታሰቡበት ሰዓት ደስ ይላሉ። ልዩነታቸው የታወቀው በኋላ ነው፤ የመጀመሪያው ሲያልፍ ልቡ ደርቆና ተከፍቶ ይቀራል፣ የሁለተኛው ደስታ ግን ሐሳቡ ካለፈም በኋላ አብሮት ይውላል።

ከዚህ የተሻለ መለያ አላውቅም። ስለዚህ ራስዎን የሚመረምሩት ጉባኤው ሞቆ፣ ዝማሬው ልብ ነክቶ በተመለሱበት ምሽት አይሁን። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው መመነን ያምረዋል። ሥራ በበዛበት፣ እንቅልፍ ባነሰበት ተራ ማክሰኞ ሐሳቡ ምን መልክ እንዳለው ይመልከቱ። ለሁለት ወር ያህል ሆን ብለው ይተዉትና ራሱ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ይጠብቁ። አላፊ ስሜት ካልመገቡት ይከሳል።

ሌላም ምልክት አለ፤ ሰዎች እምብዛም አያነሱትም እንጂ እኔ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። ጥሪው በተሰማዎት ቁጥር በዙሪያዎ ያሉትን ሰዎች እያቀለሉ የሚያዩ ከሆነ፣ እናትዎ ዓለማዊ፣ ጓደኛዎ ከንቱ፣ የሥራ ባልደረባዎ የጠፋ ሰው ሆነው ከታዩዎት ቆም ይበሉ። ከሰው ጋር መኖር ያቃተው ሰው ሌት ተቀን ከሰው ጋር ወደሚኖርበት ቦታ እየሄደ ነው።

ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ያለዚያ ጥሪ ይኖራል?

አብዛኛው ጥሪ ያለዚያ ነው። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ የሰማው ቃል ለእርሱ ብቻ በምስጢር የተነገረ አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ ከሕዝቡ ጋር የሰማው ነው፦ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ»። የተገኘው ሁሉ ያንኑ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄዷል። እንጦንስም ቢሆን በማግስቱ በረሃ አልወረደም። በመጀመሪያ ከመንደሩ ብዙ ሳይርቅ ተቀመጠ፤ በአቅራቢያው በብሕትውና ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ እየሄደም ኑሮውን ተማረ።

ድምፅ የሰማ ሰው ደግሞ ከሌላው የተሻለ ዋስትና የለውም። ሳሙኤል በስሙ ሲጠራ ሦስት ጊዜ የሮጠው ወደ ዔሊ ነበር። የሰማው ልጁ ነው፤ የጠራው ማን እንደሆነ ያስተዋለው ግን ዓይኖቹ የፈዘዙት ሽማግሌ ነው። ራእይ አየሁ የሚሉ ከሆነ ለአንድ አስተዋይ የነፍስ አባት ወይም መምህር ይንገሩትና ለሌላ ሰው አያውሩት። ወሬው ሲዛመት መመለስ ይከብዳል፤ የነገሩትን ላለማጠፍ ብቻ ብለው ይገባሉ።

ምናልባት እየሸሸሁ ቢሆንስ?

ጥያቄው የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በላይኛው ግብፅ የጋራ ገዳማትን ያቋቋመው ጳኩሚስ በሥርዓቱ እንደደነገገው፣ መነኩሴ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው ዝም ብሎ አይገባም። ለገዳሙ አባት ይነገርለታል፤ ጥቂት ቀናት በር ላይ ቆይቶ አባታችን ሆይንና የሚችለውን ያህል መዝሙረ ዳዊት ይማራል። በዚያ መካከልም ይመረመራል፦ ያጠፋው ጥፋት ኖሮ ደንግጦ ሸሽቶ ይሆን? በሌላ ሰው ሥልጣን ሥር ያለ ሰው ይሆን? ወላጆቹንና ንብረቱንስ መተው ይችላል?

መሸሽ ብቻውን አያስነውርም። በኀዘን፣ በክህደት ወይም በስብራት ተገፍቶ መጥቶ በኋላ የማኅበሩ ምሰሶ የሆነ ሰው ሞልቷል። መለየት ያለበት ግፊቱ ሲቆም የሚቀር ነገር መኖር አለመኖሩ ነው። ዕዳዎ ነገ ቢከፈል፣ የተለየዎት ሰው ቢመለስ፣ ያጡትን ሥራ ቢያገኙ አሁንም መሄድ ይፈልጋሉ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጊዜ ይስጡት። የቅርብ ሰው ሞቶብዎት ወይም ትዳርዎ ፈርሶ ከሆነ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪያልፍ ምንም ዓይነት ማመልከቻ ባያስገቡ እመክራለሁ።

ስለምወላውል ጥሪው የለኝም ማለት ነው?

አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ በ1095 በባግዳድ የታወቀው የኒዛሚያ መድረሳ ዋና መምህር ነበሩ። ሁሉን ትተው የሱፊዎችን (በእስልምና የጥሞናና የምናኔ ኑሮ የሚከተሉትን) መንገድ ለመያዝ ሲያስቡ ስድስት ወር ገደማ ወላወሉ፤ ጠዋት ቆርጠው ማታ እያፈረሱ፣ አንድ እግራቸውን አራምደው ሌላውን እየሳቡ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ፤ ለተማሪዎቻቸው አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው፣ ሐኪሞችም ችግሩ ከልብ የመነጨ ነው አሉ። ሲወጡ ንብረታቸውን አከፋፈሉ፤ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃውን ግን አስቀሩ። (ሊሄዱ ያሰቡት ወደ ሶርያ ሆኖ ሳለ ለሰው ግን መካ እሄዳለሁ ማለታቸውን፣ ይህን እንኳ እንዲከተሉ አልመክርም።)

መወላወል የሚያሳየው የሚተዉት ነገር ዋጋ እንዳለው ነው። ምንም ሳያመነታ የሚገባ ሰው አንዳንዴ ምን እንደሚተው አላሰበበትም።

እኔ ቆርጫለሁ። ታዲያ ለምን ወዲያው አይቀበሉኝም?

ጥንታዊ ሥርዓቶች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ዮሐንስ ካስያን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ግብፅ መነኮሳት ሲጽፍ፣ ልግባ ባዩ አሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከበር ውጭ ወድቆ እንደሚቆይ፣ የሚያልፉትን ወንድሞች ጉልበት እየያዘ እንደሚለምን፣ እነርሱም ሆን ብለው እየናቁትና እየዘለፉት እንደሚያልፉ ይነግረናል። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ማኅበር ገጥሞዎት ወደ ቤትዎ ቢመለሱ እኔ አልፈርድብዎትም።

ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለመነኮሳት በጻፈው ሕግ ነገሩን አለሳልሶታል፤ ቁም ነገሩን ግን አልተወውም። አራት ወይም አምስት ቀን በር ላይ መታገሥ፣ ጥቂት ቀናት በእንግዳ ማረፊያ መቆየት፣ ከዚያ አመክሮ፣ ማለትም የመፈተኛ ጊዜ። በአመክሮው ሕጉ ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ይነበብለታል፤ መጀመሪያ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ፣ ከዚያም አራት ወር ቆይቶ። በመጀመሪያው ንባብ የሚነገረው ነገር ግልጽ ነው፦ ልትገዛለት የምትፈልገው ሕግ ይህ ነው፤ ልትጠብቀው ከቻልክ ግባ፣ ካልቻልክ በነፃነት ሂድ።

ከዚያ ሕግ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የልብሱ ነገር ነው። ተፈትኖ ያለፈው ሰው ቃል ኪዳኑን በገዛ እጁ ጽፎ፣ በመሠዊያው ላይ አኑሮ፣ የመጣበትን ልብስ አውልቆ የገዳሙን ይለብሳል። የወለቀው ልብስ ግን አይጣልም፣ ለድሃም አይሰጥም። በገዳሙ ልብስ ማስቀመጫ ይቆያል፤ አንድ ቀን መውጣት የፈለገ እንደሆነ የገዳሙን አውልቆ የራሱን ለብሶ እንዲሄድ። ለዘለዓለም ነው የተባለ ቃል ኪዳን በተፈጸመበት ዕለት መውጫው ልብስ ታጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ዛሬም ደረጃዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ ጉብኝት፣ የተወሰነ ቆይታ፣ እጩነት፣ አመክሮ፣ ጊዜያዊ ቃል ኪዳን፣ በመጨረሻም የዕድሜ ልክ። በ861 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ ማንም ሰው ሦስት ዓመት ሳይፈተን የምንኩስና ልብስ እንዳይለብስ ወስኗል። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ ቢያንስ 12 ወር አመክሮ፣ ከዚያም ከሦስት ዓመት የማያንስ ጊዜያዊ ቃል ኪዳን ይጠይቃል፤ ለዕድሜ ልኩ ቃል ኪዳን 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው።

ጊዜው ለማኅበሩ ብቻ የተሰጠ አይምሰልዎት፤ የእርስዎም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሁሉም ሰው ደግ ነው። አለቃው ሲታመም፣ ገንዘብ ሲያጥር፣ ሁለት አዛውንቶች በማይረባ ነገር ተኳርፈው ለሳምንታት ሳይነጋገሩ ሲቀሩ፣ አንድ ሰው ጥሎ ሲሄድና ስሙ በማዕድ ሲነሳ ምን እንደሚባል ሳያዩ ማኅበሩን አላወቁትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህን ሳያዩ የገቡ ሰዎች ከገቡ በኋላ ነው የሚያዩት።

ወላጆቼ አጥብቀው ይቃወማሉ። ሳልነግራቸው ልሂድ?

ይንገሯቸው። አስቀድመው፣ ፊት ለፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻም ሳይሆን ደጋግመው። ከሄዱ በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ለብዙ እናቶች እንደ መርዶ ነው።

የቡድሃ አባት ንጉሥ ሱድሆዳና በመጀመሪያ ልጁ ጥሎት ሄደ፤ ዓመታት ቆይቶ የልጅ ልጁ ራሁላ በልጅነቱ ሲመነኩስ ኀዘኑ ታደሰና ወደ ቡድሃ ቀርቦ፣ ከእንግዲህ ወላጅ ሳይፈቅድ ልጅ እንዳይመነኩስ ለመነ። ልመናው ተቀባይነት አግኝቶ ሕግ ሆነ። እስከ ዛሬ በቴራቫዳ (እንደ ታይላንድ ባሉ አገሮች በሚበዛው የቡድሂዝም ክፍል) ሥርዓት ሙሉ መነኩሴ የሚሆነው ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ይጠየቃል፦ ከዕዳ ነፃ ነህ? ወላጆችህ ፈቅደውልሃል? ሃያ ዓመት ሞልቶሃል? (ሰው ነህ ወይ የሚል ጥያቄም አለበት።)

በብዙ ማኅበራት ዘንድ ለአዋቂ ሰው የወላጅ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ ምርቃቱ ግን ይጠቅማል። ወላጆች ሲቃወሙ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ ሃይማኖት ቢመስልም ፍርሃታቸው ሌላ ነው፦ ስንታመም ማን ያስታምመናል? ልጃችንን ዳግመኛ እናያለን? ተታልሎ ይሆን? ለእነዚህ የተጨበጠ መልስ ይዘው ይቅረቡ። ማኅበሩ ቤተሰብ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል? በዓመት ስንት ጊዜ? ወላጅ ሲታመም መሄድ ይቻላል? የሚቻል ከሆነ ወላጆችዎን ይዘዋቸው ይሂዱና በዓይናቸው ይዩ። ብዙ ቁጣ ከአለቃው ወይም ከእመ ምኔቷ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ይበርዳል።

ማኅበሩ ራሱ «ለቤተሰብህ እንዳትናገር» ካለዎት ግን ጉዳዩ አልቋል፤ አይሂዱ።

ባለትዳር ነኝ። ልጆችም አሉኝ፤ ዕዳም አለብኝ።

እንግዲያው ጥሪዎ አሁን ያለው እዚያው ቤትዎ ነው። የካቶሊክ ሕግ ትዳሩ የጸና ሰው አመክሮ እንዲገባ አይፈቅድም፤ መክፈል የማይችለው ዕዳ ያለበትም እንዲገባ አይፈቅድም። እንጦንስ እንኳ ወላጆቹ ሲሞቱ በእጁ የቀረችውን ታናሽ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ነው የወጣው። ልጅ ያለ አሳዳጊ ትቶ የተጀመረ የጽድቅ ጉዞ ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጆች ካደጉና የትዳር ጓደኛ ካረፈ በኋላ የገቡ ሰዎች አሉ፤ ያን ጊዜ ጥሪው ካልሞተ ይሰማል።

ገንዘቤንና ንብረቴን ምን ላድርግ?

በመጀመሪያው ዓመት ምንም አያድርጉ። ቤት አይሽጡ፣ የባንክ ሒሳብ አያዛውሩ፣ የስጦታ ውል አይፈርሙ። በብዙ የካቶሊክ ማኅበራት እንኳ የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ሲገባ የሚተላለፈው የንብረቱ አስተዳደር ነው፤ እርሱም ሆነ ገቢው የሚሰጠው ባለንብረቱ ለመረጠው ሰው ነው። ባለቤትነቱ ይቆያል፤ ኑዛዜ የሚጻፈው ከዕድሜ ልኩ ቃል ኪዳን በፊት ነው። ከዚህ የፈጠነ ጥያቄ የሚያቀርብልዎት ማኅበር ካለ፣ የሚፈልገው እርስዎን ይሁን ቤትዎን ይጠይቁ።

መታዘዝ ማለት የራሴ ሐሳብ አይኖረኝም ማለት ነው?

የለም። ስለ መታዘዝ አጥብቆ የጻፈው ቤኔዲክቶስ ራሱ፣ ከባድ ጉዳይ ሲነሳ አበ ምኔቱ ወንድሞችን ሁሉ ሰብስቦ ምክራቸውን እንዲሰማ ያዛል፤ ሁሉም የሚጠሩበትም ምክንያት እግዚአብሔር የተሻለውን ነገር ብዙ ጊዜ ለታናሹ ስለሚገልጥ ነው ይላል። የማይቻል ሥራ የታዘዘ መነኩሴም ለምን እንደማይቻለው በትዕግሥትና በተገቢው ጊዜ ለአለቃው እንዲያስረዳ ተፈቅዶለታል።

ጤናማ መታዘዝ ወሰን አለው። ወሰኑ የተጻፈ ሕግ ነው፤ አለቃውም ለዚያው ሕግ ይታዘዛል። ሌላው ወሰን ሕሊና ነው። የካቶሊክ ሕግ አለቆች በሥራቸው ያሉ ሰዎች የሕሊናቸውን ምስጢር እንዲገልጡላቸው በምንም መንገድ እንዳይገፋፉ ይከለክላል። መንፈሳዊ አባትን መምረጥ የማይቻልበት፣ ንስሐ የሚቀበለውም የሚቀጣውም የሚመድበውም አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ቦታ አደገኛ ነው።

ማኅበሩ ጤናማ ይሁን አጥፊ በምን አውቃለሁ?

በአለባበስ፣ በጾም ብዛት ወይም በዝማሬ ማማር አይታወቅም። በ1978 በደቡብ አሜሪካዋ ጉያና፣ ጆንስታውን በተባለው የአንድ ሃይማኖታዊ ማኅበር ሰፈር ከ900 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወደ ማኅበሩ የገቡት የዘር መድልዎን በመቃወም ስለሚሰብክና ድሆችን ስለሚረዳ ነበር። በ2023 በኬንያ ሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬን ሲወጣ፣ ሰዎቹ እዚያ የደረሱት በጾም ክርስቶስን እናገኛለን ብለው እንደነበር ተሰምቷል። የገቡት ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ በር ላይ የታያቸው ነገር ጥሩ ነበር።

እኔ የምመለከተው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው መውጫው ነው፦ ከዚህ በፊት የወጣ ሰው አለ? የት ነው ያለው? ላነጋግረው እችላለሁ? ጤናማ ማኅበር አድራሻ ይሰጥዎታል፤ ምናልባትም ለበዓል እንደሚመጣ ይነግርዎታል። አጥፊው ማኅበር ስለ ወጡ ሰዎች ሲጠየቅ ፊቱ ይለወጣል፤ ወይ ይሁዳ ናቸው ወይ እብድ ናቸው። ሁለተኛው ከአለቃው በላይ ማን እንዳለ ነው። ጳጳስ፣ ጉባኤ፣ ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ፣ የሒሳብ መርማሪ፣ የሆነ አካል መኖር አለበት። አለቃው ተጠያቂነቴ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ካለ ተጠያቂነት የለውም ማለት ነው። ሦስተኛው የአለቃው ኑሮ ነው። እርሱ የሚተኛበትን ክፍል፣ የሚታከምበትን ቦታ፣ የሚጓዝበትን ሁኔታ ከሌላው ጋር ያስተያዩት።

ከእነዚህ ሌላ ሳቅ መኖሩንም አስተውላለሁ። አዛውንቶች በአለቃቸው ላይ በፍቅር የሚቀልዱበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ቤት ነው።

ለጸሎት ገብቼ ቀኑ ሁሉ ሥራና ጽዳት ሆነብኝ። ይህ ነው ወይ መንፈሳዊ ሕይወት?

አዎ፣ በአብዛኛው። ደወል፣ መጥረጊያ፣ የማይዘጋ በር፣ በጸሎት ጊዜ ሁልጊዜ በተሳሳተ ቦታ የሚያስል ጎረቤት። በቤኔዲክቶስ ሕግ ወንድሞች በየተራ በወጥ ቤት ያገለግላሉ፤ ሌሊት ለጸሎት ሲነሱም እንቅልፋሞች ሰበብ እንዳያበዙ አንዱ ሌላውን በእርጋታ ያበረታታ ተብሏል። ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊትም ሰው ከእንቅልፉ መነሳት ይከብደው ነበር። በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሥራውን የማይወድ ሰው ቶሎ ያውቀዋል።

ከገባሁ በኋላ ደስታው ጠፋ። ጥሪዬ ሐሰት ነበር?

የግድ አይደለም። በግብፅ በረሃ የኖረውና በ399 ያረፈው ኢዋግሪዮስ ይህን ድርቀት ከሁሉ በላይ ከባድ ፈተና አድርጎ፣ የቀትር ጋኔን ብሎ ጽፎታል። መነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች፣ ቀኑም ሃምሳ ሰዓት የሆነ ይመስለዋል። በመስኮት ይመለከታል፤ ከክፍሉ ወጥቶ ፀሐይ የት እንደደረሰች ያያል፤ የሚመጣ ወንድም እንዳለ ይቃኛል። ቦታውን ይጠላል፤ ፍቅር ከወንድሞች መካከል ጠፍቷል ይላል። ከዚያ ሌላ ቦታ፣ ኑሮ የሚቀልበት፣ ጸሎትም የሚሻልበት ቦታ ይታየዋል። ሐሳቡ ሲመጣ ክፉ መስሎ አይመጣም፤ እግዚአብሔር በየቦታው አለ የሚል ትክክለኛ ቃል ይዞ ነው።

ማዘር ቴሬዛ በ1928 መነኩሲት ለመሆን ከቤት ወጡ። በሴፕቴምበር 10 ቀን 1946 ወደ ዳርጂሊንግ በሚሄድ ባቡር ውስጥ ሁለተኛ ጥሪ ተሰማቸው፤ ከነባሩ ገዳማቸው ወጥተው ድሆችን ማገልገል። ያን ያህል የጠራ ጥሪ ሰምተውም በራሳቸው ፈቃድ አልወጡም፤ ለአለቆቻቸው አቀረቡ፣ ጠበቁ፣ ፈቃዱ የተገኘው በ1948 ነው። አዲሱ ማኅበር በ1950 ጸደቀ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን ለአሥርተ ዓመታት እግዚአብሔር የራቃቸው ያህል ይሰማቸው እንደነበር ከሞታቸው በኋላ በወጡ ደብዳቤዎቻቸው ታወቀ።

ከዚህ ተነስቶ ድርቀት ሁሉ ቅድስና ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። አንዳንዱ ድርቀት በእርግጥ ቦታው አይደለም የሚል መልእክት ይዟል። ኢግናጥዮስ ያስቀመጠው ደንብ ይረዳል፦ በጨለማ ሰዓት ቀድሞ የወሰኑትን አይለውጡ። ብርሃን ሲመለስ፣ ልብ ሲረጋጋ፣ ያኔም መውጣቱ ትክክል መስሎ ከታየዎት በሰላም ይነጋገሩበት።

የመንፈስ ጭንቀት አለብኝ፤ መድኃኒትም እወስዳለሁ። ልናገር?

ይናገሩ፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ። የጥሞና ኑሮ ሕመምን አያጠፋውም፤ አንዳንዴ ጎልቶ እንዲሰማ ያደርገዋል። ማኅበሩ በጸሎት ይድናሉና መድኃኒቱን ይጣሉ ካለዎት፣ ከላይ ስለ አጥፊ ማኅበር የተነገረውን እንደገና ያንብቡ።

ዕድሜዬ ገፍቷል። ይቀበሉኛል?

እንደ ማኅበሩ ነው። ብዙዎች የላይኛ ገደብ አላቸው፤ ዋናው ምክንያትም አዲስ ልማድ በእርጅና ስለሚከብድና ሕክምናው በማኅበሩ ላይ ስለሚወድቅ ነው። አንዱ እንቢ ቢል ሌላው ሊቀበል ይችላል፤ ይጠይቁ።

ገብቶ መውጣት ውርደት ነው? ቢያሰናብቱኝስ?

በአመክሮ ላይ ያለ ሰው ሲወጣ አመክሮው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። የተሰጠው ለዚሁ ነው። በቴራቫዳ አገሮች መነኩሴ ልብሱን መልሶ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፤ በታይላንድማ ወጣቶች ለአንድ የዝናብ ወቅት፣ ሦስት ወር ያህል መንኩሰው መመለሳቸው የተለመደ ነው። ቤኔዲክቶስም በራሱ ጥፋት የወጣ ወንድም እመለሳለሁ ካለ እስከ ሦስት ጊዜ ይቀበሉት ብሏል።

የዕድሜ ልክ ቃል ኪዳን ከገቡ በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ሃይማኖት የራሱ ሕግ አለው፣ በአንዳንዱም ቃል ኪዳኑ ፈጽሞ አይፈታም። ይህን ከመግባትዎ በፊት በግልጽ ይጠይቁ። የገንዘቡንም ነገር እንዲሁ። በካቶሊክ ሕግ የወጣ ሰው ለሠራበት ዘመን ደሞዝ መጠየቅ አይችልም፤ ማኅበሩ ግን በፍትሕና በፍቅር እንዲያስተናግደው ታዟል። ሃያ ዓመት አገልግሎ ያለ ሙያና ያለ ቁጠባ የወጣ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማሰብ አያቅትም። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት የጀመሩትን ትምህርት ይጨርሱ፤ የሥራ ማስረጃዎን አይጣሉ።

ቢያሰናብቱዎት ያማል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በሚገባ አይነግሩም፤ ይህ የማኅበራት ትልቅ ድክመት ነው። ምክንያቱን በጽሑፍ ባይሆን በቃል እንዲነግሩዎት በትሕትና ግን በጽናት ይጠይቁ።

ሳልገባ፣ በቤቴ ሆኜ ከማኅበሩ ጋር መተሳሰር እችላለሁ?

ይችላሉ። ብዙ ገዳማት በሥራቸውና በትዳራቸው ሆነው የማኅበሩን ሥርዓት በአቅማቸው የሚከተሉ የውጭ አባላት አሏቸው። ወንድም ሮዤ በ1940 በፈረንሳይ የጀመረው የቴዜ ማኅበር ደግሞ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀብሎ ያስተናግዳል፤ ከእነዚያ አብዛኞቹ መነኩሴ አይሆኑም፣ እንዲሆኑም አይጠበቅም። ለአንዳንድ ሰው ጥሪው ልክ ይህን ያህል ነው።

ከየት ልጀምር?

አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ማኅበሩን እንዴት እንዳወቁትና ለጥቂት ቀናት በእንግድነት መምጣት እንደሚፈልጉ ብቻ። የሕይወት ታሪክዎን፣ ያዩትን ሕልምና የሠሩትን ኃጢአት በመጀመሪያው ደብዳቤ አያስገቡ። መልስ ቢዘገይ አይደንግጡ፤ ወር ቆይተው አንድ ጊዜ ያስታውሷቸው።

ሲሄዱ የመመለሻ ትኬትዎን አስቀድመው ይቁረጡ፤ ቀኑም ሲደርስ፣ መቅረት ቢያምርዎት እንኳ ይመለሱ። እዚያ ሳሉ ሥራ ለመሥራት ይጠይቁ፤ አብሮ ሲሠራ ሰው ያወራል። ከአለቃው ይልቅ ከገቡ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ከሆናቸው ጋር ለመነጋገር ይሞክሩ። የመጀመሪያው ግለት የበረደላቸው፣ ግን ገና ያልረሱት እነርሱ ናቸው። «ከመግባትህ በፊት ማንም ያልነገረህ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ያዳምጡ። ቤትዎ ሲመለሱ የሰሙትን ይጻፉት፤ ቀጣዩን ጉብኝት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በተቻለ መጠን በዓል በሌለበት ወቅት ያድርጉት።